የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች? ከሉማሜ ጓሮ የተገኘ ትምህርት

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው የታረመ)



 አብዛኞቻችሁ በአፈር ሳይንስ መምህርነቴ ታውቁኛላችሁ። የዶክትሬት ጥናቴም የምሥራቅ ጎጃም መረሬ አፈር በክረምት ውኃ እንዴት እንደሚይዝ፣ በበጋም እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ የሚመረምር ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ ወፎች ልናገር ስቆም «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» የምትሉ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። የምናገረው እንደ ወፍ ሊቅ አይደለም። ሉማሜ ከተማ ውስጥ ከወላጆቼ በወረስሁት ጓሮ፣ ለዐሥራ ሁለት ዓመታት ያህል በየሳምንቱ መጨረሻ ማስታወሻ ደብተርና ካሜራ ይዞ እንደ ተቀመጠ ሰው ነው።

የገለጻዬ መነሻ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ትሄዳለች?

አማርኛችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ» ይለዋል። አባባሉ ሁለት ነገሮችን እንደ ታወቁ አድርጎ ይነሣል። አንደኛው፣ ወፊቱ በመስቀል ሰሞን ትመጣለች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ በኋላ ትሄዳለች የሚል ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ቢያንስ በእኔ ጓሮ ሁለቱም ትክክል እንዳልሆኑ ነው። ይህንንም ለማወቅ ያስፈለገኝ ሩቅ መጓዝ ሳይሆን አንድ ቦታ ላይ መቆየት ነበር።

፩. ጓሮው

ሉማሜ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። በስተደቡብ የዐባይ ሸለቆ አለ፤ በስተሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይታያል። በመካከሉ ያለው ሜዳ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ጓሮዬ ከዚህ ሁሉ እጅግ ጥቂት የሆነች ቁራሽ ናት። አንድ ትልቅ ዋንዛ፣ ሁለት ብሳና፣ ጥቂት ጌሾ፣ የጎመን መደብ፣ አንድ የኮክ ዛፍ፣ በአጥሩ ጥግ ራሱን የዘራ ራስ ክምርና በሁለት ወገን የተተከለ የሰንሰል አጥር አሉባት። ከሰንሰሉ ማዶ የጎረቤቴ የስንዴ ማሳ ይጀምራል። በማሳውና በአጥሩ መካከል እስከ አጨዳ ድረስ የማይነካ ረጅም ሣር የበቀለበት ወሰን አለ። ይህ ወሰን ኋላ ለምናገረው ነገር ዋና ቦታ ነውና በልቡናችሁ ያዙልኝ።

ልጅ ሳለሁ ወፍ ማለት ለእኔ ጠላት ነበር። እህሉ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፍ ይዤ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት እጮህ ነበር። ሁሉንም በአንድ ስም «ወፍ» እላቸው ነበር። ከዚህ የሚለዩት ቁራው፣ ጭልፊቱ፣ ርግቡ፣ ቆቁና ጥንብ አንሣው ብቻ ነበሩ። ዛሬ ያንኑ ማማ የሚተካልኝ የማድ ቤቱ መስኮት ነው። በወንጭፉ ፈንታ ካሜራ ይዣለሁ፤ ከመጮህም ዝም ማለትን ተምሬያለሁ።

በዚህ ጓሮ ማለዳ የሚቀሰቅሰኝ ከጣራ በላይ እየጮኸ የሚያልፍ የጋጋ መንጋ ነው። ጋጋ የምለው ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበትን፣ በረጅም ቆልማማ መንቁሩ ሣሩን እየወጋ ትል የሚለቅመውን ትልቅ ወፍ ነው። በዋንዛው ላይ አንገቷ በነጭ ቀለበት የተከበበ ርግብ ታርፋለች። በአጥሩ ላይ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቁራ ይቆማል። እነዚህ ሦስቱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ውጭ በሌላው ዓለም የማይገኙ ናቸው ማለት ይቻላል። ወፍ ለማየት ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ እንግዳ በዝርዝሩ ላይ ምልክት የሚያደርግባቸው ወፎች፣ እኛን «ዛሬ ደግሞ ምን አስጮሃቸው?» የሚያሰኙን ናቸው።

፪. ሁለት መጻሕፍት

ወደ መስቀል ወፍ ከመግባቴ በፊት በአንድ ዓመት ልዩነት የታተሙ ሁለት መጻሕፍትን ላስታውስ። አንደኛው በ1790 እ.ኤ.አ. የወጣው የስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ነው። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ዛሬ ምዕራብ ጎጃም በምንለው አገር ግሽ ዐባይ ድረስ ደርሷል። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አገራችን ወፎች ጽፏል፤ ሥዕላቸውንም አኑሯል። ንስርንና እርኩምን በእኛው ስም ነው የጠራቸው። አንዲት አረንጓዴ ርግብንም «ዋሊያ» ብሎ መዝግቧል። እኛ ዛሬ ዋሊያ ስንል የስሜኑን የዱር ፍየል ማለታችን ቢሆንም፣ የዚያች ርግብ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ ትሬሮን ዋሊያ ነው። ከእርሱ በኋላ ሄንሪ ሶልትን የመሰሉ ተጓዦች መጡ። በ1814 እ.ኤ.አ. በታተመው የሶልት መጽሐፍ ውስጥ፣ በአበባ ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት የሚያብለጨልጭ ወፍ በተከዜ ወንዝ ስም ተጠርታ ወጣች፤ ኔክታሪኒያ ተከዜ። ይህችው ወፍ ዛሬ በጓሮዬ ከራስ ክምሩ አበባ አትጠፋም። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ስሜንንና ጎንደርን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ከላይ የጠቀስኋቸውን ጋጋ፣ ርግብና ቁራ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1789 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ጸሐፊው ጊልበርት ዋይት በደቡብ እንግሊዝ ሴልቦርን በምትባል መንደር የኖረ ቄስ ነበር። እንደ ብሩስ አህጉር አላቋረጠም፤ የጻፈው ከቤቱ ደጅ ስላየው ነገር ነው። ሆኖም በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ፣ ሌላው ሰው እንደ አንድ የሚቆጥራቸው ሦስት ትናንሽ ወፎች የተለያዩ ዘሮች መሆናቸውን በድምፃቸው ለይቶ አሳወቀ። ይህን ያስቻለው በየዓመቱ ያንኑ ድምፅ በያንው ወቅት መስማቱ ነው። የሚገርመው፣ ዋይትን ዕድሜውን ሙሉ ያስጨነቀው ጥያቄም የእኛኑ የሚመስል ነበር፤ ሽው የምትለው ጨረባ፣ እነርሱ ስዋሎ የሚሏት ወፍ፣ በብርዱ ወራት የት ትሄዳለች? ከባሕር ማዶ ትሻገራለች ወይስ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቃ ትተኛለች? ብዙ ቢያስብበትም ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ ሞተ። ዛሬ ብዙዎቹ ወደ አፍሪካ እንደሚመጡ እናውቃለን።

ይህን የማነሣው ተጓዡን ለማሳነስ አይደለም። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን በ1971 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝርም ሆነ፣ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሥርጭት አትላስ የብዙ መንገደኞች ድካም ውጤት ነው። በአገራችን ከ860 በላይ የወፍ ዘር መኖሩን ያወቅነው በእነርሱ ድካም ነው። ነገር ግን የሥርጭት ካርታ ወፏ ያለችበትን ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ የሄደበትንም መንገድ ያሳያል። ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መንገድ ሲደርቅና ሰማይ ሲጠራ ነው። በሐምሌ ጭቃ ሉማሜ ላይ የሚቀመጥ ጎብኚ የለም። ያንን ማየት የሚችለው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

፫. ልብሷን የለወጠችው

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በየቦታው «የመስቀል ወፍ» የሚባለው ወፍ አንድ እንዳልሆነ አስቀድሜ ላሳስብ። በእኛ ሰፈር በዚህ ስም የሚጠራው ሰውነቱ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ትከሻውና የወገቡ ላይ ላባ እንደ አደይ አበባ የበራ ትንሽ ወፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዩፕሌክቴስ ካፔንሲስ ነው። ሕዝባችን በእንስት ጾታ ቢጠራውም፣ ይህ ያማረው ወንዱ ነው። ሴቷ እንደ ድንቢጥ ቡናማና ዥንጉርጉር ናት።

አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ፤ የወሰኑ ሣር የእርሳቸው ነው። ጥቅምት ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «መምህር፣ ያች ወፍህ ቀጠሮዋን አክብራ መጥታ ሄደች፤ እንግዲህ ለከርሞ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም ለዓመታት አምኜ ተቀብያለሁ። በደብተሬም በኅዳር ገጽ «የመስቀል ወፍ ሄዳለች» ብዬ ጽፌያለሁ። ያየሁትን ሳይሆን የሰማሁትን መጻፌን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ነገሩ የተገለጠው በፎቶግራፍ ነው። በጥር ወር ከሰንሰሉ ላይ አንድ ቡናማ፣ ደረቱ ዥንጉርጉር፣ መንቁሩ ወፍራም ወፍ አነሣሁ። በእጄ ካለው መጽሐፍ ጋር ሳመሳክር ከብዙ ቡናማ ወፎች ጋር ተመሳሰለብኝ። «ያልታወቀ» ብዬ አስቀመጥሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ዓይነት ወፍ ከአጥሩ ላይ ሲነሣ በተከታታይ ካነሣኋቸው ፎቶግራፎች በአንዷ ክንፉ ተዘርግቶ፣ ወገቡ ላይ ብሩህ ቢጫ ላባ ታየ። በተቀመጠ ጊዜ ክንፉ ስለሚሸፍነው አይታይም። የመስቀል ወፌ ነበረች። ካባዋን አውልቃ መቀነቷን ብቻ አስቀርታለች።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ የቆዩ ፎቶግራፎቼን መረመርሁ። በኅዳር የተነሡት ውስጥ ግማሽ ጥቁር፣ ግማሽ ቡናማ የሆነ፣ የተቦጫጨቀ ልብስ የለበሰ የሚመስል ወፍ አገኘሁ። «የታመመ» ብዬው ነበር። በሰኔ ከተነሡት መካከል ደግሞ በቡናማው ላይ ጥቁር ላባ ብቅ ብቅ ያለበትን አገኘሁ። ሁሉንም በወር ቅደም ተከተል ስደረድራቸው ዓመቱ ሙሉ ሆነ።

ምክንያቱን በአጭሩ ላስረዳ። ላባ እንደ ጥፍርና እንደ ጠጉር ነው። አድጎ ካበቃ በኋላ ሕይወት የሌለው ነገር ስለሆነ ወፉ ቀለሙን ከውስጥ ሊለውጠው አይችልም። ቀለም ለመለወጥ ላባው መርገፍና በስፍራው አዲስ ላባ መብቀል አለበት። ይህም ብዙ ፕሮቲን ይጠይቃል። ይህ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው በረጅም ሣር ውስጥ ነው። ሣሩ የሚረዝመው፣ ጫጩቶችን የሚያሳድገው ነፍሳትና ለጋ ዘርም የሚበዛው በክረምት ነው። ስለዚህ ወንዱ ጥቁርና ቢጫ የሚለብሰው ለክረምቱ ነው። በሣሩ ጫፍ ላይ ላባውን ነፍቶ ይታያል፤ የጎጆውን አካል ይሠራል፤ ሴቲቱ ውስጡን አልብሳ ትጥላለች፣ ትታቀፋለች። ሣሩ ሲደርቅ ያ ጌጥ ለጭላት ከመታየት በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ያወልቀዋል፤ ከሴቶቹና ከጫጩቶቹ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ በገለባ ላይ እህል ይለቅማል። እኛም አናውቀውም።

እንግዲህ መምጣቷም መሄዷም የእኛ ዓይን ሥራ ነው። ወፊቱ በመስቀል አትመጣም፤ ጌጧን የለበሰችው ገና በክረምቱ ነው። ነገር ግን እኛ ከዝናብና ከጭቃ ወጥተን ቀና ብለን የምናየው አደይ ሲፈነዳ ነው።

ፎቶግራፎቹን ለጎረቤቴ በተራ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ተመለከቱና ሣቁ። «በል እንግዲህ፣ ልብሷን ለውጣ እዚሁ ኖራለች በለኛ!» አሉ። ቀጥለውም «እኛስ ብንሆን ለመስቀል ነጭ ለብሰን እንወጣና በማግስቱ በሥራ ልብሳችን ማሳ አይደለን?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

በአንጻሩ በእውነት የሚመጡና የሚሄዱ አሉ። በመስከረም ከከብቶች እግር ሥር እየሮጠች፣ ጅራቷን እያወዛወዘች ዝንብ የምትለቅመው ሆዷ ቢጫ ወፍ በእርግጥም እንግዳ ናት። ከአውሮፓና ከእስያ መጥታ በጋውን ከእኛ ጋር ታሳልፋለች፤ በሚያዝያ ገደማ ለመራባት ትመለሳለች። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም በመስከረም ይታያሉ። አንዷ መንገደኛ፣ ሌላዋ ባለ አገር መሆናቸውን የሚለየው ዓመቱን ሙሉ የተጻፈ ደብተር ብቻ ነው።

፬. ፎቶግራፍ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ተማሪዎቼ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የጥርና የመስከረም ፎቶግራፎቼ አንድ ወፍ ያሳያሉን? አያሳዩም። የሚያሳዩት የዚያ ዘር ወንዶች በሁለቱም ወራት በጓሮዬ መኖራቸውን ነው። የመስከረሙ ወፍ ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ የጥሩ ደግሞ ከጮቄ ግርጌ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ግለሰብ ለይቶ ለማወቅ በሕጋዊ ፈቃድ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ በእግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ማሰር ያስፈልጋል። አፈር ስናጠና ከአንድ ጉድጓድ የወሰድነውን ናሙና የወረዳው ሁሉ አፈር ነው እንደማንለው፣ እዚህም ማስረጃችን እስከሚደርስበት ብቻ እንሄዳለን።

ምስክርነቱ የጸና እንዲሆን በልምድ የተማርኋቸውን ላካፍል። የመጀመሪያው፣ ከውበት በፊት ማስረጃን ማስቀደም ነው። ደብዛዛም ቢሆን የመንቁሩን፣ የጀርባውንና የወገቡን መልክ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ዓይኑ ብቻ ካማረበት ይበልጣል። የምጠቀመው ያገለገለ ካሜራና 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ወፉ ሊነሣ ሲል የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ ሳላወርድ በተከታታይ አነሣለሁ። ያች ቢጫ ወገብ የተያዘችው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ የጥቁር ላባን ዝርዝር ያወጣል። በቀትር ግን ጥቁሩ ወፍ ጥላ ብቻ ይሆናል። ተከዜ የተባለችውን ወፍ ወንድ ስታነሡ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ያ ሐምራዊ ብልጭታ እንደ ቀሚስ የተነከረ ቀለም አይደለም፤ የላባው ጥቃቅን አሠራር ብርሃንን መልሶ የሚፈጥረው ነው። ስለዚህ በአንድ ማዕዘን ሐምራዊ፣ በሌላው ጥቁር ሆኖ ይታያል። በሁለት ፎቶግራፍ ሁለት ዘር አገኘሁ እንዳትሉ።

ሦስተኛው የቀንና የሰዓት ጉዳይ ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ወጥመድ አለው። በመጀመሪያው ዓመት የካሜራዬን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው ነበር። መዝገቤን እንደ ኢበርድ ባለ ዓለም አቀፍ የወፍ መዝገብ ላይ ለማስገባት ስዘጋጅ ፋይሎቼን ብመለከት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 የተነሣው ወፍ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እህል ሲለቅም የተገኘ ሆኗል! የሌሊት ወፍ ካልሆነ በቀር ማን ያምነኛል? ሰዓቱ በስድስት፣ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል። መስከረም 1 ቀንም በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ሲሆን በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን በፈረንጅ ሰዓትና ቀን እሞላለሁ፤ ደብተሬን በእኛ እጽፋለሁ፤ በየገጹ አናት ላይ ሁለቱንም አሰፍራለሁ። ጳጉሜን የረሳ መዝገብ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጠፋበታል። እነዚያ ቀናት ደግሞ የመስቀል ወፏ በጌጧ የምትታይባቸው ናቸው።

፭. አንዲት ጎጆ

የምናገረው ሁሉ የተሳካልኝን ብቻ ከሆነ ገለጻዬ እውነተኛ አይሆንም። በሦስተኛው ዓመት ላይ አንዲት ሸማኔ ወፍ፣ ሣር እየጎነጎነች የምትሠራው ዓይነት፣ በብሳናው ቅርንጫፍ ጫፍ ጎጆ አንጠለጠለች። ከመስኮቴ ጥቂት ርምጃ ብቻ ይርቃል። ሆኖም ሦስት አራት ሰፋፊ ቅጠሎች ጎጆውን ከልለውታል። አንድ እሑድ ጠዋት መሰላል አቁሜ ቅጠሎቹን ቆረጥኋቸው። በዚያው ዕለት እናት ወፏ መንቁሯ ውስጥ ነፍሳት ይዛ ስትገባ የሚያሳይ፣ እስከ ዛሬ ካነሣኋቸው ሁሉ የሚያምረውን ፎቶግራፍ አነሣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመለስ ጎጆው ተቀዷል፤ ጫጩቶቹ የሉም። ቁራ ይሁን ሌላ አላየሁም። ነገር ግን መንገዱን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ቅጠሎቹ የተገኙት በአጋጣሚ አልነበረም፤ ወፏ ያንን ቅርንጫፍ የመረጠችው ስለ ተከለለ ነው። ያ ፎቶግራፍ አሁንም አለኝ። ለማንም በኩራት አሳይቼው አላውቅም፤ ዛሬም በዚህ መጋረጃ ላይ አላሳያችሁም። ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ሕግ አጭር ነው፤ ጎጆ አላነሣም፤ ቅጠል አልነካም፤ ወፉ በእኔ ምክንያት የሚያደርገውን ካቋረጠ ወደ ኋላ የምመለሰው እኔ ነኝ። ለምርምር የሚሆን የጎጆ ጥናት ፈቃድ፣ ሥልጠናና ተቆጣጣሪ አለው፤ የእኔ መሰላል አንዱም አልነበረውም።

፮. የተለመደውን መመዝገብ

«ይህ ሁሉ ድካም በየአጥሩ ላይ ስለሚገኝ ወፍ ነውን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሴን በሕንድ አገር በሆነ ነገር ልስጥ። በኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ ተመራማሪው ቪቡ ፕራካሽ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥንብ አንሣዎችን ቆጥሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥንብ አንሣ በሕንድ እንደ አፈር የበዛ ነበር። በ1990ዎቹ ቆጠራውን ሲደግም ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሎ አገኘው። በ2004 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ለከብት ሕክምና የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ ተረጋገጠ፤ የታከመውን ከብት ሬሳ የሚበሉት ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየተጎዳ ያልቁ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። ያ የመጀመሪያው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ «ድሮ ይበዙ ነበር» ከሚል ወግ በቀር ማስረጃ አይገኝም ነበር።

በእኛም አገር በየከተማው ቄራ ዙሪያ የምናየው፣ ራሱ የተመለጠው ትንሹ ጥንብ አንሣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ሰፍሯል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በሉማሜ ስንት ነበር? የቆጠረ የለም፤ የበዛን ነገር ማን ይቆጥራል?

ከጓሮዬም አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማችን ሰው ሁሉ የሰንሰል አጥሩን እየነቀለ በቆርቆሮ ሲተካ እኔም ተስማምቼ ቆርቆሮውን ገዝቼ ነበር። ቆርቆሮ ንጹሕ ነው፤ መከርከም አይፈልግም፤ ሌባ ያግዳል። ሠራተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ምሽት ፎቶግራፎቼን በቦታ ለየኋቸው። አብዛኞቹ ወፎች የተነሡት ሰንሰሉ ላይ ነበር። ነጭ አበባውን የሚቀስሙት፣ ከጭልፊት ሲሸሹ የሚገቡበት፣ ቡናማዋ የመስቀል ወፍ በጋውን የምታሳልፍበት እርሱ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን በመንገዱ በኩል ቆርቆሮ፣ በማሳው በኩል ሰንሰል እንዲሆን ወሰንን። የተረፈው ቆርቆሮ ዛሬ የዶሮ ቤት ጣራ ነው። ጎረቤቴም የወሰኑን ሣር እስከ ኅዳር ሳያጭዱ ይቆዩልኛል። ይህ ትልቅ ጥበቃ አይደለም። ነገር ግን ያለ ፎቶግራፎቹ የምወስነው ሌላ ነበር።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው። አንድ ቦታ ምረጡ፤ የግቢያችሁ ዛፍ፣ የአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ የወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ለአንድ ዓመት ተመልከቱ። ያላያችሁትንም ጻፉ፤ «ዛሬ የለም» የሚለው መስመር እንደ «አለ» እኩል ዋጋ አለው። ሄዳለች ብላችሁ ግን አትጻፉ። እኔ ስንት ኅዳር እንዲያ ጽፌ ስሕተቴን ተሸክሜያለሁ። «አላየኋትም» በሉ።



ከተሰብሳቢዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ የለንም፤ በስልክ ብቻ ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ብዙ ይቻላል። በስልክ የሩቅ ወፍ መልክ አይወጣም፤ ድምፁ ግን ይቀዳል። ዋይት ሦስቱን ወፎች የለየው በድምፅ መሆኑን አስታውሱ። ወፉ ያረፈበትን ዛፍ፣ የሚበላውን ፍሬ፣ የሣሩን ቁመት በስልክ አንሡ። እኔ በመጀመሪያ ዓመታት የጎደለኝ ይህ ነው፤ ወፉን እንጂ የቆመበትን አላነሣሁም። የቀዳችሁትን ድምፅ ግን ወፉን ለመጥራት መልሳችሁ አታሰሙት፤ በመራቢያ ወቅት ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይሯሯጣል።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ወፍ አዲስ የአማርኛ ስም ልናወጣ አይገባምን?

መልስ፦ ከማውጣታችን በፊት እንጠይቅ። እኔ ስም የላቸውም ብዬ ያሰብኋቸው ወፎች በቢቸናና በሞጣ በኩል በእረኞች ዘንድ ስም እንዳላቸው ኋላ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ስምም በሌላው ቦታ ለሌላ ወፍ ሲሆን አጋጥሞኛል። ስለዚህ ስሙን ከተነገረበት ቀበሌ፣ ከተናጋሪው ዕድሜና ከፎቶግራፉ ጋር አብራችሁ ጻፉ። ፎቶግራፉን ለሽማግሌ አሳይቶ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወጣው ሥራ ነው። የሚሠራው ካለ እኔ ለማማከር ዝግጁ ነኝ።